የክፍል ቁጥር ሰባት ልጅ

በ2074 ዓ.ም. ሐዋሳ ውስጥ ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ከተገናኙ፣ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚጠያየቁት «ስንት ነህ?» ብለው ነው። ዕድሜ ማለታቸው አይደለም፤ ዕድሜማ ፊት ላይ ይታያል። የሚጠየቀው የልጅነት ውጤት ነው። አንድ ሰው ከተወለደ እስከ አምስት ዓመቱ ምን ያህል እንደታቀፈ፣ ሲያለቅስ በስንተኛው ደቂቃ እንደተነሣ፣ ጥያቄ ሲጠይቅ ማን እንደመለሰለት ተደምሮ ከመቶ የሚሰጥ ቁጥር ነው። ሰማንያና ከዚያ በላይ ያለው ደረቱን ነፍቶ ይናገራል። ሰባዎቹ ውስጥ ያለው «ደህና ነኝ» ብሎ ያልፋል። ከዚያ በታች ያለው ወሬውን ወደ ዝናቡ ያዞራል።

ኢዮሲያስ ላቺሶ ስለ ዝናብ ብዙ የሚያወራ ሰው ነበር። ውጤቱ ሠላሳ አንድ ነው።

ዕድሜው ሃምሳ ስምንት ሲሆን የሐይቁን የሕዝብ ጀልባዎች በተቆጣጣሪነት ሲመራ ሃያ ሁለት ዓመት ሞልቶታል። ጀልባ ከሁለት ደቂቃ በላይ ከዘገየ ጢሙ ይቆማል ይሉታል። ውጤቱ ከተሰማ ወዲህ ግን ጀልባ ነጂዎቹ ሲቆጣቸው እንኳ አይከፋቸውም። «ተዉት፣ ሳይታቀፍ ያደገ ሰው ነው» ይባባላሉ፤ አንደኛውማ ሻይ ገዝቶለታል። ሠላሳ አንድ ያለው ሰው አይቀጣም፤ ይታዘንለታል። ይሄ ደግሞ ከቅጣትም የባሰ ነው።

ሐኪሞቹም ያው ናቸው። ደም ግፊቱን ለክተው «ሰባተኛ ወርዎ ነው» ይሉታል። ጉልበቱን ሲያመው፣ ሰባተኛ ወር። አንድ ቀን ዘይት የበዛበት ዓሣ በልቶ ሆዱን ሲቆርጠው እንኳ ነርሷ መዝገቡን ከፍታ «አይ ሰባተኛ ወር!» ብላ ራሷን ነቀነቀች። ኢዮሲያስ ስለ ሰባተኛ ወሩ የሚያስታውሰው አንዳች ነገር የለም። ሌላው ሰው ሁሉ ግን የሚያስታውሰው ይመስላል።

ይህን ሁሉ ችሎ ይኖር ነበር፤ ልጁ ኤልዳና ባታረግዝ ኖሮ። ኤልዳና ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ባሏ ለስድስት ወር ሥራ ሞያሌ ተልኳል፤ እናቷ ከሞተች አራት ዓመት አልፏል። ያላት አባቷ ብቻ ነው። ሕጉ ደግሞ ግልጽ ነው፦ ከሰባ በታች ውጤት ያለው ሰው፣ የማቀፍ ፈቃድ ካላወጣ በቀር፣ ከሁለት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ማቀፍ አይችልም።

«አባዬ» አለችው አንድ ቀን ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ፣ «ፈቃዱን ካላገኘህ እኮ የመንግሥት አቃፊ ነው የሚመድቡልኝ። የማላውቀው ሰው ሳሎኔ ተቀምጦ ልጄን ሲይዝ፣ አንተ በር ላይ ቆመህ ታያለህ።»

«ማን ነው በር ላይ የሚያቆመኝ?»

«ሕጉ ነዋ! በሁለት ሜትር ርቀት ይላል። አንብቤዋለሁ።»

ኢዮሲያስ ሁለት ሜትር ስንት እንደሆነ በዓይኑ ለካ። ከሶፋው እስከ በሩ ነበር። በማግስቱ የልጅነት ማሟያ ጣቢያ ተመዘገበ።

ጣቢያው ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጎን ያለ፣ ቢጫ ቀለም የተቀባ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ደጁ በትልልቅ ሰዎች ይሞላል። እያንዳንዱ ከልጅነቱ የጎደለው ታይቶ የታዘዘለትን ሊወስድ ይመጣል። ጡረታ የወጡ አንድ ኮሎኔል ዳዴ ሳይሉ ነው የቆሙት ተብሎ ምንጣፍ ላይ በእጅና በጉልበታቸው ይድሃሉ፤ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ለሠላሳ ደቂቃ። አንዲት የባንክ ሥራ አስኪያጅ አፏ እየተጠረገላት አጥሚት ትጠጣለች። አንድ የሒሳብ አስተማሪ «ለምን?» እያለ የሚጠይቅበትና ማንም «ዝም በል» የማይለው ክፍል አለው፤ መላሾቹ በየአሥራ አምስት ደቂቃው ይቀያየራሉ፤ ከዚያ በላይ የቻለ የለም። አንድ ዳኛ ድብብቆሽ ታዞለታል። ሁልጊዜ የሚደበቀው መጋረጃው ጀርባ ስለሆነ ጫማው ይታያል፤ ፈላጊዋ ግን በመመሪያው መሠረት ቢያንስ አራት ደቂቃ ልታጣው ይገባል።

ለኢዮሲያስ የታዘዘለት መታቀፍ ነው። አቃፊው ዱካሞ ይባላል። ዱካሞ ቀድሞ የእጅ ኳስ በረኛ የነበረ፣ በሩን ጎንበስ ብሎ የሚያልፍ፣ ድምፁ ግን እንደ ሹክሹክታ የለዘበ ወጣት ነው። ክፍሉ ውስጥ እንደ አልጋ ከፍ ያለ ሰፊ ድልዳል፣ ነጭ መጋረጃ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ «ጸጥታ ለሕፃን ምግብ ነው» የሚል ጽሑፍ አለ። ሲታቀፉ ከጀርባ የሚነጠፍ ስስ ንጣፍ አለ፤ ሰውነት ከተጨነቀ ቀይ፣ ካመነታ ቢጫ፣ ከረጋ አረንጓዴ ያበራል። ፈቃድ ለማግኘት ሃያ ደቂቃ ያልተቋረጠ አረንጓዴ ያስፈልጋል።

«ጋሼ፣ ትከሻዎን ይልቀቁት» አለ ዱካሞ በመጀመሪያው ቀን፣ ጀርባውን ደረቱ ላይ አስደግፎ።

«ለቅቄዋለሁ እኮ!»

«የተለቀቀው ይሄ ከሆነ የተያዘውን አያሳየኝ።»

ኢዮሲያስ እንደ ጀልባ ምሰሶ ተገትሮ ጣራውን አየ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የሚሰማው የራሱ ልብ ብቻ ነው፤ ልቡን በሰማ ቁጥር ይጨነቃል፤ በተጨነቀ ቁጥር ልቡ ይብስበታል። ዱካሞ ያለ ድምፅ ያወዛውዘዋል፤ ጀርባውን ቸብ ቸብ ያደርገዋል። ንጣፉ ቀይ ነው። በሚቀጥለውም ቀን ቀይ ነው። በስድስት ሳምንት አሥራ አራት ጊዜ ታቅፎ አሥራ አራት ጊዜ ቀይ ሆነ። ዱካሞ ከማዘኑ ብዛት መክሳት ጀመረ።

በአሥራ አምስተኛው ቀጠሮ የጣቢያው ኃላፊ ሲስተር ፌቨን ቢሮዋ አስጠራችው። ሲስተር ፌቨን ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ውጤቷ ዘጠና አራት መሆኑን ማንም ሳይጠይቃት ትናገራለች፤ ክፉ ሰው ግን አይደለችም።

«ጋሼ ኢዮሲያስ፣ ንጣፉ ለምን እምቢ እንዳለዎት ለማወቅ መዝገቡን አወጣሁት። ማየት ካልፈለጉ አላሳይዎትም።»

«አሳዪኝ እንጂ። ስድስት ሳምንት ሙሉ በሰው ደረት ላይ ተኝቼ ምን የምደብቀው ቀረ?»

ጽሑፉ ከድሮ ደብተር የተወሰደ ነው። ያኔ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ሕፃናትን ይመዘግቡ ነበር። ደብተሮቹ ኋላ ላይ ሁሉም ተሰብስበው በማሽን ተነበቡ፤ የዚያ ዘመን ልጆች ሁሉ ውጤት የተሠራው ከእነሱ ነው። ስለ ኢዮሲያስ አራት መስመር አለ። መስከረም 2017፦ ሕፃኑን የያዘችው አስካለ፤ የማን ልጅ ነው ስትባል «የኔ አይደለም» ብላለች። ኅዳር፦ የያዘችው ዶርቃ፤ «የኔ አይደለም»። ታኅሣሥ፦ የያዘችው ዘነበች፤ «የኔ አይደለም»። በመካከል፣ በጥቅምት፣ ልክ በሰባተኛ ወሩ፣ እንዲህ ይላል፦ የያዘችው ቦጋለች ዳና፤ «የኔ አይደለም»።

ቦጋለች ዳና እናቱ ናት።

«ማሽኑ ‘የተካደ ሕፃን’ ብሎ ነው የመዘገበው» አለች ሲስተር ፌቨን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «በሦስት ምስክር ካልተስተካከለ በቀር…»

ኢዮሲያስ ውጭ ወጥቶ ከኮሎኔሉ ጋር ስለ ዝናብ አወራ። ሰማዩ ግን አንድ ደመና አልነበረበትም።

ሁለት ቀን እናቱን በልቡ ሲከሳት ሰነበተ። በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ታቦር ተራራ ግርጌ ወደሚገኘው ቤታቸው ሄደ። ወይዘሮ ቦጋለች ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ አሁንም በእግር የምትረገጥ የልብስ ስፌት መኪና አላቸው፤ የጎረቤት ልጆች የተበጠሰ ዚፕ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ነው የሚመጣው።

«እማዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ።»

«ያን ክር አቀብለኝና ጠይቅ።»

ክሩን አቀበላቸው። «ያኔ፣ ሕፃን ሆኜ፣ የጤና ሠራተኛዋ መጥታ የማን ልጅ ነው ስትልሽ… የኔ አይደለም ብለሻል?»

ወይዘሮ ቦጋለች መርፌውን አቆሙ። ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«ውይ! ብያለሁ እንጂ! ደግሞ እንዴት አድርጌ! ከአራታችን እንደኔ አሳምራ የካደች የለችም!»

ኢዮሲያስ ግድግዳውን ተደገፈ። እናቱ ዓይናቸውን እየጠረጉ ወደሱ ዞር ሲሉ ፊቱን አዩት፤ ሳቁ ቀስ እያለ ለቀቃቸው።

«ና ተቀመጥ። ማን ነው ይሄን ያሳየህ?»

«ጣቢያው። መዝገብ ላይ ተጽፏል። በሱ ነው ሠላሳ አንድ የሆንኩት፤ የኤልዳናንም ልጅ እንዳላቅፍ የሚከለክሉኝ በሱ ነው። ካድሽኝ እማዬ?»

«አንተን? አከራዩን ነው እንጂ የካድነው!» አሉ ወይዘሮ ቦጋለች። ከዚያ እንደ ሰው ሁሉ ከመጀመሪያው ጀመሩ።

ልብስ ፋብሪካ ይሠሩ የነበሩ አራት ልጃገረዶች ነበሩ፤ አስካለ፣ ዶርቃ፣ ዘነበችና ቦጋለች። ትልቋ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ከቄራው ጀርባ አንድ ግቢ ውስጥ ክፍል ቁጥር ሰባትን ተከራይተዋል። የአከራዩ ሕግ ሁለት ነው፦ በአንድ ክፍል ከሁለት ሰው በላይ አይኖርም፤ ልጅ ያላት አትገባም።

«እኛ አራት ነን። ፈረቃችን ስለሚለያይ አራት ሆነን አይቶን አያውቅም። በኋላ አንተ ተወለድክ። የአባትህን ነገር ታውቀዋለህ፣ ወሬው ብቻ ነው የቀረልን። የጤና ሠራተኛዋ ስትመጣ አከራዩ ከኋላዋ ተከትሎ ይገባል፤ የማን ልጅ እንደሆነ ሰምቶ ያቺን ሊያስወጣ። እኛም ተማከርንና ቆረጥን። ቤት የተገኘችው ‘የኔ አይደለም፣ እናቱ ሥራ ሄዳለች’ ትላለች። በሚቀጥለው ሲመጣ ሌላዋ ናት ቤት ያለችው፤ እሷም ‘የኔ አይደለም፣ እናቱ ሥራ ሄዳለች’። ያንተ እናት ሁልጊዜ ሥራ ላይ ያለችው ናት። ልጁ የማንም ካልሆነ ማንን ያስወጣል?»

«የጤናዋስ ሠራተኛ?»

«ገብቷታል እንጂ፤ ጠቅሳናለች። ግን ልጅ ናት፣ አከራዩ አጠገቧ ቆሟል፣ ያልናትን ጻፈች። አንድ ቀን ሰውየው በግኖ ‘እንግዲያው ይሄ ልጅ ራሱ ይውጣ!’ ብሎ በጣቱ ጠቆመህ። አንተ ጣቱን ያዝክና መጥባት ጀመርክ። ከዚያ ወዲህ አልመጣብንም።»

ኢዮሲያስ ሳያስበው ሳቀ። «ታዲያ ማን ነበር የሚይዘኝ?»

«ማን ያልያዘህ አለ በለኝ! ፍራሹ አንድ ነው፤ ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ሁልጊዜ አንዷ ተኝታለች፣ አንተ ደረቷ ላይ ነህ። ሁለቱ ደግሞ አጠገብህ ተቀምጠው ይጨቃጨቃሉ። ያቺ ፈረቃዋ ሲደርስ ትነሣለች፣ የመጣችው ትተኛለች፣ አንተ ሳትነቃ ከደረት ወደ ደረት ትዛወራለህ። አንተ መሬት የነካኸው በአሥራ አምስት ወርህ ነው፤ ያውም በገዛ እግርህ።»

ወይዘሮ ቦጋለች የመኪናዋን ጎማ በጣታቸው ትንሽ አዞሩ።

«ከአራታችን ትንሽ ጊዜ የያዝኩህ ግን እኔ ነኝ» አሉ። «ትርፍ ሰዓት ሲገኝ እኔ ነኝ የምገባው፤ እሁድንም፣ በዓሉንም። እነሱ እንቅልፋቸውን ሰጡህ፤ እኔ ዳቦና ወተቱን። ተራዬ ሲደርስ ወይ ከፋብሪካው ይጠሩኛል ወይ ደክሞኝ እንዳልጥልህ እፈራለሁ። መጀመሪያ ‘እማ’ ያልከው ዘነበችን ነው። ሁለት ቀን አኮረፍኳት። እሷ ምን ታድርግ? በሦስተኛው ቀን ተቃቅፈን አለቀስን።»

ዘነበች ከሞተች አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗል። ኢዮሲያስ ቀብሯ ላይ ተገኝቶ ነበር፤ የእናቱ ጓደኛ ናት ብሎ። ያን ቅዳሜ ደስም አለው፣ አዘነም፤ ከሁለቱ የበዛው ግን እፍረቱ ነበር። የእናቱን እጅ ያዘ። እናቱም ትንሽ ቆይተው «በል ልቀቀኝ፣ ዚፑ ይጠብቀኛል» አሉት።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት አሮጊቶች የጣቢያውን በር አንኳኩ። ወይዘሮ ቦጋለች፣ ከአለታ ወንዶ የመጡት ወይዘሮ አስካለና ነጠላቸውን እየረገጡ የሚሄዱት ወይዘሮ ዶርቃ። ኢዮሲያስ ከኋላቸው፣ ቀጣሪ እንደሚፈልግ ሰው አንገቱን ደፍቶ ገባ። ሲስተር ፌቨን ሁሉንም በሥርዓት አዳመጠች፤ አንዴም እንባዋን ጠረገች። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው።

«ቅጹ ‘ዋና ተንከባካቢ’ በሚለው ላይ አንድ ስም ብቻ ነው የሚቀበለው።»

«አራታችንንም ጻፊያ!» አሉ ወይዘሮ አስካለ።

ሲስተር ፌቨን ሌላ ገጽ ፈልጋ አራቱንም ስም አስገባች። ማሽኑ ጥቂት ካሰበ በኋላ ውጤቱን ከሠላሳ አንድ ወደ አሥራ ዘጠኝ አወረደው።

«ምን ሆኖ ነው?» አለ ኢዮሲያስ።

«ይቅርታ ጋሼ… አንድ ሙሉ እናት የለውም ይላል። አራት ሩብ እናት ነው የሚለው።»

«ሩብ?» ወይዘሮ አስካለ ከወንበራቸው ተነሡ። «እኔ ነኝ ሩብ? ለመሆኑ ይሄን ማሽን ማን ነው ያሳደገው?»

ሲስተር ፌቨን ያስገባችውን ሰርዛ ሠላሳ አንዱን መለሰችው፤ የቀረው መንገድ ንጣፉ ብቻ ነበር። መመሪያው አንድ ፍንጭ ይሰጣል፦ ወረቀት ከተሳሳተ የሰውነት ምስክርነት ይበልጣል። ከጥንት አቃፊዎቹ በአንዷ እቅፍ ሃያ ደቂቃ አረንጓዴ ካበራ መዝገቡ ይስተካከላል። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚፈቀደው። ቀይ ወይም ቢጫ ሆኖ ካለቀ ሠላሳ አንዱ ለዘላለም ይጸናል፤ የማቀፍ ፈቃድም አይኖርም።

ማን እንደምታቅፈው ክርክር አልነበረም። ወይዘሮ ቦጋለች ድልዳሉ ላይ ወጥተው ተቀመጡ። እግራቸው መሬት አይደርስም። ኢዮሲያስ ጫማውን አውልቆ፣ በሃምሳ ስምንት ዓመቱ፣ ከነጢሙ፣ ራሱን እናቱ ጭን ላይ አሳረፈ። ሁለቱ ሴቶችና ዱካሞ ግድግዳ ሥር ተደርድረው እንዲቆሙ ተደረገ። ሲስተር ፌቨን ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ሰዓቱ ተጀመረ።

ጸጥ አለ። ወይዘሮ ቦጋለች የልጃቸውን ግንባር ዳሰሱ። ንጣፉ ቀይ አበራ። ትንሽ ቆይቶ ቢጫ ሆነ። እዚያው ቢጫ ላይ ቆመ። አምስት ደቂቃ። ስምንት ደቂቃ። ኢዮሲያስ በሙሉ ኃይሉ ሊረጋ ታገለ፤ በታገለ ቁጥር ይብስበታል። ወይዘሮ ቦጋለች መብራቱን አዩ፤ ከዚያ መጋረጃውን ማየት መረጡ።

«አያውቀኝም» አሉ በለሆሳስ። «ሰውነቱ እውነቱን ነው።»

ይህን ወይዘሮ አስካለ አልቻሉም።

«የምን አያውቀኝም ነው? የጭንቅላቱን አያያዝ ስላላወቅሽበት ነው! ድሮም አታውቂበት! ጆሮው ሲታጠፍ አይወድም አላልኩሽም?»

«እማማ፣ እባክዎ ጸጥታ…» አለች ሲስተር ፌቨን።

«ጆሮው አይደለም» አሉ ወይዘሮ ዶርቃ ከግድግዳው ለቅቀው እየመጡ። «እግሩ ነው። እግሩ ሲበርደው ነው የሚነጫነጨው። ካልሲ እንኳ አላደረገም፣ ተመልከቱት!»

«የያኔውን ካልሲ ማን ጣለው? አንቺ አይደለሽም ባልዲ ውስጥ የከተትሽው?»

«እኔ? ዘነበች ናት እንጂ!»

«የሞተ ሰው አትክሰሺ! የማንቆርቆሪያውንም ክዳን በሷ ነበር ያሳበብሽው!»

ወይዘሮ አስካለ ድልዳሉ ላይ ወጥተው የኢዮሲያስን ራስ ወደ ደረታቸው ወሰዱት። ወይዘሮ ዶርቃ እግሩን በነጠላቸው ጠቅልለው ታቀፉ። ወይዘሮ ቦጋለች ዳር ላይ ተጣበው አንድ እጁን ያዙ። ሲስተር ፌቨን ፈተናውን ልታቋርጥ ወደ ማሽኑ ስትሄድ ዱካሞ ክንዷን ነካ አደረጋት። ንጣፉን በአገጩ አሳያት። አረንጓዴ ነበር።

«ክዳኑን የሰበረችው ቦጋለች ናት» አሉ ወይዘሮ ዶርቃ።

«ክዳን አይሰበርም፣ ይጣመማል!» አሉ ወይዘሮ ቦጋለች ቱግ ብለው።

ንጣፉ ይበልጥ አረንጓዴ ሆነ። ያን ጊዜ ሲስተር ፌቨን ገባት። ይህ ሰው ከተወለደ ጀምሮ ጸጥታ የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም ነበር፤ እሱን ያስተኛው አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ በላዩ ላይ የሚጨቃጨቁ ሴቶች ድምፅ ነው። የጣቢያው ሰዎች ግን ስድስት ሳምንት ሙሉ ነጭ መጋረጃ ዘግተው፣ ሰውየውን ከጸጥታ ጋር አፋጥጠውት ነበር።

ደቂቃው አረንጓዴው ከበራበት ጀምሮ እንደገና ከዜሮ ተቆጠረ። ሴቶቹ ከክዳኑ ወደ ፈረቃ አለቃቸው ተሻገሩ፤ ከአለቃው ዘነበች አንድ ጊዜ ብቻ አድርጋው ወደጠፋባት ጫማ። በሰባተኛው ደቂቃ ኢዮሲያስ ማንኮራፋት ጀመረ። በአሥራ ሦስተኛው ላይ አፉ ተከፈተ። በሃያኛው፣ የሐይቁ ጀልባዎች ተቆጣጣሪ፣ በሦስት አሮጊቶች መካከል፣ ጢሙ ላይ ምራቁ ወርዶ፣ ድብን ያለ እንቅልፍ ተኝቶ ነበር። ዱካሞ ፊቱን ወደ መጋረጃው አዙሮ አለቀሰ።

የቀረው ቅጹ ነው። ሲስተር ፌቨን ባዶው ቦታ ላይ ብዙ ካሰበች በኋላ መጻፍ ጀመረች። ስም፦ ክፍል። የአባት ስም፦ ቁጥር። የአያት ስም፦ ሰባት። ማሽኑ «ወይዘሮ ክፍል ቁጥር ሰባት» ብሎ ተቀበላቸው፤ አንድ ሙሉ እናት ተገኘ። ውጤቱ ሰማንያ ስድስት ሆነ፤ የማቀፍ ፈቃዱም ታትሞ ወጣ።

ያን ጊዜ የኢዮሲያስ ስልክ ጮኸ። ወይዘሮ ቦጋለች ከኪሱ አውጥተው አነሡት፤ ኤልዳና ናት።

«አያትዬ! አባዬ የት ነው? ምጡ ጀመረኝ መሰለኝ!»

«በስንት በስንት ደቂቃው ይመጣብሻል?»

«በሃያ… በሃያ አምስት…»

«ገና ነሽ የኔ ቆንጆ። ሻወር ውሰጂ። አባትሽ ፈቃዱን ይዟል፤ ሰዎች ልኬልሻለሁ።»

ወይዘሮ ዶርቃ እግሩን ቀስ ብለው አሳርፈው ተነሡ። ወይዘሮ አስካለም የኢዮሲያስን ራስ በሁለት እጃቸው ደግፈው፣ ሳይቀሰቅሱት፣ በዚያ በድሮው አያያዛቸው፣ ወደ ወይዘሮ ቦጋለች ደረት አዛወሩት። ጆሮው እንዳይታጠፍ በጣታቸው አስተካከሉለት። ከዚያ ሁለቱም በሩ ላይ ማን ቀድሞ እንደሚወጣ እየተጨቃጨቁ ሄዱ።

ክፍሉ ተመልሶ ጸጥ አለ። ደጅ ኮሎኔሉ ተራቸውን እየጠበቁ ጉሮሮአቸውን ይጠርጋሉ። ሲስተር ፌቨን ሰዓቷን አየች፤ ቀጥሎ ኢዮሲያስን ልትቀሰቅስ እጇን ዘረጋች። ንጣፉ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ ሊመለስ እንደሆነ ለማየት ዓይኗ ሄደ፤ ሳታየው በፊት ማጥፊያውን ተጫነችው።

«እማማ፣ ጊዜው አልቋል እኮ» አለች።

«የነሱ ፈረቃ ነው ያለቀው» አሉ ወይዘሮ ቦጋለች፣ ልጃቸውን ጠጋ አድርገው። «ተዪን ልጄ። እኔ ገና አሁን መግባቴ ነው።»